6 ጊዜ ተበልጠናል፤ ኢንስፔክሽኑን እንተው ወይስ ፍለጋውን እናቁም?

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ ጋር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ሁለት ልጆች አሉን። እኔ ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ፣ እሱ ኡበር ይነዳል። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ 6 ቤት ላይ ኦፈር (ቤቱን በዚህ ዋጋ እንግዛ የሚል ጥያቄ) አስገብተን በስድስቱም ተበልጠናል። በመጨረሻው ላይ ከተጠየቀው ዋጋ 20 ሺህ ዶላር ጨምረን ነበር፣ እሱም አመለጠን። ስልክ ሲጠራ ልቤ ይመታል። ሌሊት እየነቃሁ ዚሎው የሚባለው የቤት ሽያጭ ድረ ገጽ ላይ ቤት አያለሁ። ባለቤቴ "የሚቀጥለውን ኢንስፔክሽን ትተን እንግዛው" ይላል፣ እኔ ፈርቻለሁ። ምን ትመክረናለህ?»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገርሽ። ኢንስፔክሽኑን፣ ማለትም ቤቱን በባለሙያ ማስመርመሩን፣ አትተዉ። ፍለጋውንም አታቁሙ፣ ግን ሁለት ሳምንት እረፉ። ኦፈር የለም፣ ኦፕን ሃውስ (ቤቱን ለገዢ ሁሉ ከፍተው የሚያሳዩበት ቀን) የለም፣ ዚሎውም ከስልክሽ ይጥፋ። በሁለቱ ሳምንታት የምትሠሩት ሥራ ግን አለ፤ እሱን ወደታች እነግርሻለሁ።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ሰዎችን ቤት ማስገዛት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። አብዛኞቹ ደንበኞቼ የኛው ሰዎች ናቸው። ልብሽ መምታቱ አይገርመኝም። በዕድሜሽ ትልቁን ገንዘብ የምታወጪበትን ነገር፣ ቤቱን ሃያ ደቂቃ ብቻ አይተሽ፣ ሌላው ሰው ስንት እንዳቀረበ ሳታውቂ፣ እስከ ሰኞ ማታ ወስኚ ተብለሻል። እዚህ አካባቢ ሳምንቱ እንዴት እንደሚሄድ አሁን በደንብ ታውቂዋለሽ። ሐሙስ ቤቱ ገበያ ላይ ይወጣል፣ ቅዳሜና እሑድ ኦፕን ሃውስ ነው፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ የኦፈር ሰዓት ያልቃል፣ ከዚያ ደግሞ «የመጨረሻ ዋጋችሁን አምጡ» የሚል ስልክ ይመጣል። ይሄን በስድስት ቤት አባዢው። በዚህ ላይ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡናው ላይ «ቤቱስ ምን ደረሰ?» የሚል አይጠፋም። ሰው በቅንነት ነው የሚጠይቀው፣ ግን ያደክማል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የልጆቹ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ዊተን ሰፈር ያየነው ቤት ላይ ፎቁን ሮጣ ወጥታ፣ ትንሿን ክፍል ከፍታ፣ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ «ይሄ የኔ ነው» አለች። አልጋዋ የት እንደሚሆን በጣቷ አሳየችን። ማክሰኞ ማታ ቤቱ ለሌላ ሰው ሄደ። እናትየው ደውላ ያለቀሰችው ስለ ቤቱ አልነበረም፣ ለልጅቷ እንዴት ብላ እንደምትነግራት ጨንቋት ነው። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የምለው አንድ ነው፦ ልጆቹን ኦፈሩ ተቀባይነት እስኪያገኝና ኢንስፔክሽኑ እስኪያልፍ ድረስ አትውሰዷቸው።

ለምን እንዲህ ሆነ ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። በጃንዋሪ 2021 የ30 ዓመት ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ወለድ በአማካይ ወደ 2.65 በመቶ ወርዶ ነበር። በኦክቶበር 2023 ደግሞ ወደ 8 በመቶ ተጠጋ። ታዲያ በ3 በመቶ ወለድ ተደላድሎ የተቀመጠ ሰው ለምን ቤቱን ሸጦ በ6 እና በ7 በመቶ ሌላ ይገዛል? አይሸጥም። ስለዚህ ገበያ ላይ የሚወጣው ቤት ያንሳል፣ ጥሩ ሆኖ የወጣው ላይ ደግሞ ሁሉም ይረባረባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በኔ ልምድ ሰውን የሚያስጨንቀው መበለጡ ብቻ አይደለም። ቁጥሩን ሰኞ ማታ፣ ኤጀንቱ (ቤት የሚያስገዛችሁ ደላላ) ስልክ ላይ እየጠበቀ፣ ባልና ሚስት ኩሽና ውስጥ እየተነታረኩ መወሰኑ ነው። ዋጋችሁን ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ቁረጡ። ዓይናችሁ የገባውን ቤት ካያችሁ በኋላ የሚወጣ ቁጥር የናንተ ቁጥር አይደለም፣ የቤቱ ነው።

እንዴት ይቆረጣል? መጀመሪያ ሌንደሩ (አበዳሪው) የሰጣችሁን ቁጥር ወደ ጎን አድርጉት። ሌንደሩ እስከ 580 ሺህ ትችላላችሁ ሊላችሁ ይችላል። ግን ሌንደሩ የሚያየው የመኪና ዕዳ፣ የክሬዲት ካርድና የትምህርት ብድር ነው። አዲስ አበባ ለእናትሽ በየወሩ የምትልኪውን አያይም። ዕድሩን አያይም። የልጆቹን የአማርኛ ትምህርት ቤት፣ የቤተ ክርስቲያኑን መዋጮ፣ በየሁለት ዓመቱ ወደ አገር ቤት የሚያስኬደውን ትኬት አያይም። እነዚህን እናንተ ናችሁ የምታውቁት፣ መቀነስ ያለባችሁም እናንተ ናችሁ። ለእናት የሚላከውን «ለትንሽ ጊዜ እንቀንሰዋለን» ብሎ የገዛ ሰው አውቃለሁ። በሦስተኛው ወር እንደገና መላክ ጀመረ፣ የሚላከው ግን ከክሬዲት ካርድ ላይ ነበር።

አንድ ሒሳብ በእጃችሁ ይኑር። በ6.5 በመቶ ወለድ፣ ለ30 ዓመት፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ 10 ሺህ ዶላር ብድር በወር 63 ዶላር ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ሰኞ ማታ «20 ሺህ እንጨምር?» ሲባል ጥያቄው በሌላ አነጋገር «በየወሩ 126 ዶላር፣ ለ30 ዓመት?» ነው። እንዲህ ሲባል ባልና ሚስት ቶሎ ይግባባሉ። አንዳንዴም «ይሄማ ምንም አይደል፣ እንጨምር» ይላሉ። እሱም ጥሩ ነው፣ አውቀው ነውና።

ከዚያ ለየብቻ ተቀምጣችሁ ቁጥራችሁን በወረቀት ጻፉ። አትመካከሩ። ከጻፋችሁ በኋላ አገናኙትና ሁለት ጥያቄ ጠይቁት። ቤቱ ከዚህ ዋጋ በ1 ሺህ ዶላር በልጦ ለሌላ ሰው ቢሸጥ ይቆጨናል? ከቆጫችሁ ቁጥሩ ዝቅ ብሏል። ነገ ጠዋት «አሸነፋችሁ» ብንባል ደግሞ ሆዳችን ይረበሻል? ከተረበሸ ከፍ ብሏል። ሁለቱንም ያለፈው ቁጥር ፍሪጁ ላይ ይለጠፍ። ሰኞ ማታ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።

ሁለተኛው ነገር፣ እኔ እንደምጠረጥረው፣ ስድስቴ ያስበለጣችሁ ይሄ ነው። ጣሪያችሁ፣ ማለትም የመጨረሻ ዋጋችሁ፣ 550 ሺህ ከሆነ 545 ሺህ የተጻፈበትን ቤት እያያችሁ ነው? ከሆነ ከመጀመሪያውም ዕድል አልነበራችሁም። እዚህ አካባቢ ብዙ ሻጭ ሰው እንዲሰበሰብለት ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወጣው። 550 ያለው ሰው መፈለግ ያለበት ከ500 እስከ 520 የተጻፈበትን ነው፣ ለመጨመር ቦታ እንዲኖረው። ቤቱ ትንሽ ያንሳል፣ ወይም ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ጀርመንታውን ወይም ወደ ሎሬል ያርቃችሁ ይሆናል። ግን በአቅማችሁ ትወዳደራላችሁ።

ገበያ ላይ ሦስት ሳምንት የቆየ ቤትም አትናቁ። ሰዉ «ምን ቢኖርበት ነው ያልተሸጠው?» ብሎ ይሸሸዋል። አንዳንዴ በእርግጥ ነገር አለበት። አንዳንዴ ግን ፎቶው መጥፎ ነው፣ ምንጣፉ አርጅቷል፣ ወይም መጀመሪያ ላይ ዋጋው ተሰቅሎ ነበር። እዚያ ቤት ላይ ተወዳዳሪ የለም፣ ሰዓት የለም፣ ሁለቴ ሄደሽ ታያለሽ። ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ያለው ጊዜም እንደዚሁ ነው። ቤት ያንሳል፣ ግን በብርድ የሚፈልገው ሰውም ያንሳል።

ኦፈሩ ላይ ጣሪያ ያለው ጭማሪ መጻፍ ይቻላል፣ ኤጀንታችሁ «ኤስካሌሽን» የሚላችሁ እሱን ነው። ለምሳሌ ቤቱ 515 ተብሎ ወጣ እንበል። እናንተ «520 እንሰጣለን፣ የሚበልጠን ካለ ከሱ 3 ሺህ ጨምረን እስከ 551,500 ድረስ እንሄዳለን» ትላላችሁ። ሌላው 540 ካመጣ የናንተ 543 ይሆናል። ጣሪያውን ክብ ቁጥር አታድርጉት። ብዙ ሰው 550 ላይ ይቆማልና 1,500 ዶላር ልዩነት ቤት ያስገኛል። የዚህ ነገር ጥሩነቱ ሰኞ ማታ ከቁጥር ጋር መታገልን ይቀንሳል። ሁሉም ሻጭ ግን አይቀበለውም፤ «አንድ የመጨረሻ ቁጥር ብቻ አምጡ» ካሉ የፍሪጁን ቁጥር ትሰጣላችሁ።

ዋጋው ሲጨመር የሚመጣ ሌላ ጉድጓድ አለ፣ እሱም አፕሬይዛል፣ ማለትም ባንኩ የሚያስደርገው የቤቱ ዋጋ ግምት ነው። በ560 ሺህ አሸነፋችሁ እንበል፣ 5 በመቶ ዳውን (ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ቅድሚያ ክፍያ)፣ 28 ሺህ ማለት ነው። የባንኩ ገማች መጥቶ «540 ያወጣል» አለ። ባንኩ የሚያበድረው የ540ውን 95 በመቶ፣ 513 ሺህ ነው። ቀሪውን 47 ሺህ ከኪሳችሁ ታመጣላችሁ። ከጠበቃችሁት በላይ 19 ሺህ ዶላር፣ የክሎዚንግ (ግዢው የሚጠናቀቅበት ቀን) ወጪ ሳይቆጠር። ስለዚህ «አፕሬይዛሉ ቢያንስም እንሞላለን» የሚለው ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ገንዘቡ በእጃችሁ ይኑር፣ ወይም የምትሞሉት እስከ ስንት እንደሆነ በቁጥር ይጻፍ።

አሁን ኢንስፔክሽን። እዚህ ላይ ለባለቤትሽ በቀጥታ ላውራ። ወንድሜ፣ ለምን እንዳልከው ይገባኛል። ቤተሰብህን ከኪራይ ማውጣት ትፈልጋለህ፣ ስድስቴ ስትበለጥ ደግሞ እልህ ይይዝሃል። ግን በ2021 ጸደይ የሆነውን ልንገርህ። አንድ ባልና ሚስት ደንበኞቼ በ1950ዎቹ የተሠራ ቤት ያለ ኢንስፔክሽን ገዙ። እኔም አስጠንቅቄያቸው ነበር፣ ግን አጥብቄ አልተከራከርኩም፣ ይሄ እስካሁን ይከነክነኛል። ገብተው ብዙ ሳይቆዩ ፋሲካ ደረሰ። ዘመድ ወዳጅ ተጠርቶ፣ ዶሮው ወጥቶ፣ ቤት ሙሉ ሰው ተቀምጦ እያለ ቤዝመንት ያለው የወለል ማፍሰሻ ወደላይ መለሰ። ሽታው ፎቅ ድረስ ወጣ። እንግዶቹ ጫማቸውን ይዘው ወጡ። የቆሻሻ ቱቦው የድሮ የሸክላ ነበር፣ የግቢው ዛፍ ሥር ገብቶ ሰንጥቆታል። ግቢው ተቆፍሮ ቱቦው እስኪቀየር ከ14 ሺህ ዶላር በላይ ወጣ። በካሜራ ቱቦውን አስቀድሞ ማሳየት ጥቂት መቶ ዶላር ነበር።

ተወዳዳሪ ሆኖም ቤቱን መመርመር ይቻላል። አንደኛው መንገድ ኦፈር ከማስገባት በፊት ኢንስፔክተር ይዞ መሄድ ነው። አንድ ሁለት ሰዓት ያያል፣ ሙሉ ሪፖርት አይጽፍም፣ ግን ጣሪያውን፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን፣ መሠረቱንና ውኃውን አይቶ በቃል ይነግራችኋል። ከዚያ ኦፈሩን ያለ ኢንስፔክሽን ብታስገቡም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አይደለም። ሁለተኛው፣ ኦፈሩ ላይ «በ3 ቀን ውስጥ እናስመረምራለን፣ ጥገና አንጠይቅም፣ ካልወደድነው ግን ውሉን እናፈርሳለን» ማለት ነው። ሻጭ የሚፈራው ምርመራውን ሳይሆን ከምርመራው በኋላ የሚመጣውን የጥገና ዝርዝርና ድርድር ነው። ያንን ስታነሱለት ብዙው ይስማማል። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ የሲንግል ፋሚሊ (ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ) ቤት ሲሸጥ የሬደን ጋዝ (ከመሬት ወደ ቤት የሚገባ ጎጂ ጋዝ) ምርመራ በሕግ ይጠየቃል፣ ውጤቱን ጠይቁ። ከቀድሞ ባለቤቱ የምትገዙት ኮንዶ ከሆነ፣ በሜሪላንድ ሕግ የሕንፃውን ባለቤቶች ማኅበር ሰነድ ከተቀበላችሁ በኋላ አንብባችሁ ውሉን የምትሰርዙበት 7 ቀን አላችሁ።

ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ደግሞ ዋጋ አይደለም። ኤጀንታችሁ ለሻጩ ኤጀንት ደውሎ «ሰውየው ምንድን ነው የሚፈልገው?» ብሎ ይጠይቅላችሁ። ሻጩ አሮጊት ናት እንበል፣ ልጇ ጋ እስክትሄድ አንድ ወር ትፈልጋለች። ክሎዚንግ ካለቀ በኋላ 30 ቀን ያለ ኪራይ እንድትቆይ ብትፈቅዱላት ከ10 ሺህ ዶላር የሚበልጥባት ጊዜ አለ። በአብዛኛው ሞርጌጅ ገዢው በ60 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፣ እሱን ብቻ አትለፉ። የቤተሰባችሁን ፎቶ አያይዛችሁ ለሻጩ ደብዳቤ መጻፉን ግን ተዉት። ከ1968 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ሕግ ሻጭ በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር ገዢ መምረጥ አይችልም፣ ስለዚህ ብዙ ኤጀንቶች ደብዳቤውን ሳይከፍቱ ይመልሱታል።

እንግዲህ የሁለቱ ሳምንት ሥራ እዚህ ጋ ነው፣ ሌንደሩ ጋ። ሦስት ነገር ጠይቁት።

ብድራችሁ ኤፍኤችኤ (መንግሥት ዋስ የሚሆንበት ብድር) ከሆነ ወደ ኮንቬንሽናል (ያለ መንግሥት ዋስትና ወደሚሰጠው መደበኛ ብድር) መቀየር ይቻል እንደሆነ። ኤፍኤችኤ 3.5 በመቶ ዳውን ይዞ የክሬዲት ነጥቡ 580 ለሆነም ሰው ስለሚፈቅድ ብዙዎቻችን በሱ እንጀምራለን። ሻጮች ግን ገማቹ ስለተላጠ ቀለምና ስለጎደለ የደረጃ መደገፊያ ይጠይቃል ብለው ይሸሹታል። ክሬዲታችሁ ጥሩ ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ገዢ በ3 በመቶ ዳውን ኮንቬንሽናል አለ።

ሁለተኛው የባለቤትሽ ገቢ ነው። ሌንደሩ የሚያየው ኡበር የከፈለውን ሳይሆን ታክስ ላይ የቀረውን ነው፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመቱን። በ2025 ለሥራ ለተነዳ እያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም ከገቢ ላይ ይቀነስ ነበር። 40 ሺህ ማይል የነዳ ሰው 28 ሺህ ዶላር ከገቢው ላይ አነሳ ማለት ነው። ታክሱ ቀለለ፣ ለሞርጌጅ ግን ገቢው ተሸረሸረ። ከማይሉ ተቀናሽ ውስጥ የመኪና እርጅና የሆነውን ክፍል ሌንደሩ ወደ ገቢው መመለስ ይችላል። መልሶ እንደሆነ ጠይቁ፣ ይሄን የሚረሳ ሌንደር ገጥሞኛል።

ሦስተኛው ዕቁብ ነው። ዳውን ፔይመንቱ ውስጥ የዕቁብ ገንዘብ ካለ አትደብቁት። ባንክ ውስጥ በድንገት የገባ 20 ሺህ ዶላር ከየት መጣ ተብሎ ይጠየቃል፣ መልስ ካጣ ክሎዚንግ ሊቀረው ሳምንት ሲሆነው ሁሉም ነገር ይቆማል። ዕቁብ በኮንቬንሽናሉም በኤፍኤችኤውም ደንብ የታወቀ ነገር ነው፣ እነሱ የጋራ ቁጠባ ወይም የቁጠባ ክበብ ይሉታል። ዳኛው ወይም ጸሐፊው መቼ እንደተጀመረ፣ ስንት እየጣልሽ እንደቆየሽ፣ መቼ እንደወጣልሽ ጽፎ ይፈርምልሽ፤ የጣልሽበትን የባንክ ወይም የዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ማስረጃ ከሱ ጋር አያይዢ። ዕጣው ወጥቶልሽ ገና የምትጥዪው ካለ ግን እንደ ዕዳ ይቆጠራል፣ እሱን ለሌንደሩ አስቀድመሽ ንገሪው።

ይሄ ሁሉ ሲያልቅ ሌንደሩ ሰነዳችሁን ከአሁኑ ሙሉ በሙሉ እንዲመረምር ጠይቁ፣ ኦፈሩ ሲገባ «ብድሩ አልቋል፣ ቤቱ ብቻ ነው የቀረው» ማለት እንዲቻል። ከኤጀንታችሁ ጋር ያለውን ስምምነትም አውጥታችሁ አንብቡት። ከኦገስት 2024 ወዲህ ቤት ከማየታችሁ በፊት የምትፈርሙት እሱ ነው፤ ሻጩ የኤጀንቱን ክፍያ ካልሸፈነ እናንተ ስንት እንደምትከፍሉ እዚያ ላይ አለ።

ስልኩን በተመለከተ፣ ለኤጀንታችሁ እንዲህ በዪው፦ መልሱን ለባለቤቴ ብቻ፣ በጽሑፍ፣ በዚህ ሰዓት። ከዚያ ሰዓት በፊት ስልክሽ መኝታ ቤት ይቀመጥ። ቡናው ላይ ለሚጠይቁሽም «ሲሳካ እኔው እነግራችኋለሁ» በያቸው። ዕቁብ ካላችሁ ዛሬ ማታ የሚጀመረው ሥራ ለዕቁቡ ጸሐፊ መደወል ነው፤ ደብዳቤው ተጽፎ ተፈርሞ እጅሽ እስኪገባ ጊዜ ይወስዳልና።